በሦስቱ ላይ የሚያርፍ ቀለበት

ከመሆኑ አስቀድሞ የሚሆነውን ሁሉ የሚያውቅ፣ የውቅያኖስን ጥልቀትና የትቢያን ቅንጣት በአንድ መዳፍ የሚይዝ፣ ትናንትና ነገ በፊቱ እንደ አንዲት ቅጽበት የሆኑለት አምላክ የዚህን ታሪክ ሙሉውን ያውቃል፤ እኛ የምናውቀው ለሰው የተፈቀደውን ያህል ብቻ ነው። ነገሩ የሆነው በካዛን ነው፤ ደወሎች ዝም እንዲሉ በታዘዙበት ዘመን፣ ቮልጋ በበረዶ ተሸፍኖ የጭነት መኪና በጀርባው በሚሸከምበት የብርድ ወራት።

በዚያች ከተማ ኢኖኬንቲ ሳቪች የተባሉ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ ጣቶቻቸው በአሲድ ጠባሳ የተዥጎረጎሩ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ፣ ሲቆጡ ደግሞ ከዚያም ይልቅ ዝቅ የሚል ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ጥያቄ ነው። ቤንዞል የሚባለው ፈሳሽ ቅንጣቱ ሲመረመር ስድስት የካርቦን አቶሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ቀለበት ነው። ይህ ቀለበት በአንድ የማዕድን አቶም ራስ ላይ እንደ ቆብ ሊቀመጥ እንደሚችል የሙያው ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። እሳቸው ግን ሌላ አሉ። በዚያው በካዛን የተገኘው፣ ስሙንም ከሩሲያ ምድር የወሰደው ሩቴኒየም የሚባል ማዕድን አለ፤ ሦስት የሩቴኒየም አቶሞች ተጠጋግተው በቆሙበት ቦታ ቀለበቱ በአንዱ ላይ ሳይሆን በሦስቱም ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ እያንዳንዱ ማዕድን ከቀለበቱ ሁለት ሁለት ካርቦን ይይዛል አሉ። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ እንደሚጣድ ማለት ነው።

ይህን የተናገሩት ጠጉራቸው ሳይሸብት ነበር። በሞስኮ በተደረገ ጉባኤ ላይ አንድ ባልንጀራቸው ተነሥቶ፣ «ኢኖኬንቲ ሳቪች፣ ይህች ቀለበትዎ ለሦስት ወንድ የታጨች ልጅ ናት፤ እስቲ መጀመሪያ አንዱ ያግባትና ሰርጉን እንብላ» ብሎ አዳራሹን አሳቀባቸው። ሳቁ እስከ እርጅናቸው ተከተላቸው።

እነሆ በዚያ የብርድ ወራት ታመሙ። እሳቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ የቤተ ሙከራ ሰው ከሥራ በኋላ እጁን የሚታጠበው በቤንዞል ነበር፤ ቅባቱን ያነሣል፣ ሽታውም ደስ ይላል፣ ክፉ ነው ብሎ የሚከለክል አልነበረም። ያ የሚወዱት ቀለበት በቆዳቸው ገብቶ፣ እስከ አጥንታቸው መቅኔ ዘልቆ፣ ደማቸው የሚቀዳበትን ምንጭ አደፈረሰው። ሐኪሞቹ የወንዙ በረዶ ሲሰበር ላያዩ እንደሚችሉ ለባለቤታቸው ለሴራፊማ ዛካሮቭና በጆሯቸው ነገሯቸው። በሽተኛውም ሳይነገራቸው ዐውቀዋል። የፈሩት ግን ሞትን አልነበረም። ቀለበቱ የት እንዳረፈ ሳያውቁ መሄድን ነበር የፈሩት።

ሥራውን የያዙት ሁለት ደቀ መዛሙርት ናቸው። ራፍካት የሚባለው ታታር ማዕድኑንና ቤንዞሉን በብረት ጋን ዘግቶ እያሞቀ አዲሱን ነገር የሚያበስል ነው፤ እጁ የረጋ፣ አፉ ግን የማያርፍ። ግላፊራ ዲሚትሪየቭና ደግሞ የበሰለውን በራጅ ጨረር እየመረመረች አቶሞቹ የት የት እንደ ተቀመጡ የምታነብ ናት። አባቷ በጦርነት ቀርቶባት፣ ኢኖኬንቲ ሳቪች ከተማሪነቷ ጀምረው እንደ ልጅ ያሳደጓት፣ በቤታቸው ገበታ የራሷ ማንኪያ ያላት ሴት ነበረች።

የበሰለው ነገር እንደ ጨው ፍሬ ረግቶ የሚሠራው ክሪስታል በችኮላ አያድግም፤ ንዝረትም ይጠላል። የሚሠሩበት የምርምር ኢንስቲትዩት ዕቃ ቤት በቅጥሩ ውስጥ የሚገኝ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የሥዕሉ ግድግዳ ፈርሷል፣ በጉልላቱ ላይ መስቀል የለም፤ የመቅደሱ ግንብ ግን ከመወፈሩ የተነሣ የመንገድ ንውጽውጽታ አይደርስበትም፣ ቅዝቃዜውም አይለዋወጥም። ስለዚህ የክሪስታል ቱቦዎች ሁሉ ቀድሞ መንበሩ በነበረበት ስፍራ ይቀመጡ ነበር። ሥርዓትም ወጥቶለታል፤ ወደዚያ የሚገባ ሰው የጎዳና ጫማውን በደጅ አውልቆ ለስላሳ የበግ ጠጉር ጫማ ያጠልቃል፣ በሩን በእጁ ደግፎ ይዘጋል፣ የሚናገረውን በሹክሹክታ ይናገራል። ይህ ሁሉ ለክሪስታሉ ነው እንጂ ለሌላ አልነበረም። ቢሆንም በዚያ ዘመን፣ በዚያች ከተማ፣ እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ መቅደስ ሌላ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በልደት ሰሞን ራፍካት ከዚያ ስፍራ አንድ ቱቦ ይዞ ወጣ። በውስጡ እንደ ሮማን ፍሬ የቀሉ ክሪስታሎች ነበሩ። ከፊሉን አቃጥለው መዘኑት፤ ለሦስት ሩቴኒየም አንድ የቤንዞል ቀለበት ተገኘ። የሚዛኑ ቁጥር ከታሰበው በጥቂቱ ዘንበል ብሎ ነበር፤ ደስታ ግን ዘንበል ያለውን አያይም። ራፍካት እናቱ በማር የሠራችውን ቻክ-ቻክ የተባለ ጣፋጭ በትሪ ተሸክሞ ወደ ግላፊራ ክፍል ገባ።

«ብዪ! የሰርግ ነው» አላት።

«የማን ሰርግ?»

«የሦስቱ ሙሽሮች። ያ የሞስኮ ሰውዬ ይምጣና ይብላ እንግዲህ!»

«ገና አላየሁትም እኮ፣ ራፍካት።»

«ምኑን ነው የምታዪው? ሦስት ማዕድን፣ አንድ ቀለበት። የት ሊሄድ ነው? ኪስ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል?»

«ሚዛን ስንት እንዳለ ይናገራል እንጂ የት እንዳለ አይናገርም።»

«አይ አንቺ! ሰርግ ቤት ተጠርተሽም ሙሽራዋን መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» አለና ማሩን ከጣቱ እየላሰ ወጣ።

ዜናውን ወደ በሽተኛው አልጋ ያደረሰውም እሱ ነው። ኢኖኬንቲ ሳቪች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። ከዚያ ግላፊራን አስጠርተው እጇን ያዙ።

«ግላሻ፣ ራፍካት ጥሩ ወጥ ቤት ነው፤ ወጥ ቤት ግን የራሱን ወጥ ሁሌም ያመሰግናል። እኔ የማምነው አንቺ ስታዪው ነው። ቀለበቱ የት ነው ያረፈው? ይህን አምጪልኝ።»

እሷም ከክሪስታሎቹ አንዷን መርጣ በቀጭን የመስታወት ዘንግ ጫፍ ላይ አጣበቀቻት። የራጁ ጨረር በክሪስታሏ ውስጥ አልፎ በፊልም ላይ ነጠብጣብ ይጥላል፤ የእያንዳንዱ ነጠብጣብ ጥቁረት ተለክቶ፣ በብዙ ሒሳብ ተፈትቶ፣ የአቶሞቹ ስፍራ ይገለጣል። ሥራው አድካሚ ነው። ከባዶቹ ማዕድናት ድምፃቸው እንደ ከበሮ ነውና ወዲያው ይሰማሉ፤ ካርቦን ግን ቀላል ነው፤ በከበሮ መካከል እንደሚያንሾካሽክ ሰው ነው። ያንን ሹክሹክታ ለመለየት ግላፊራ ዓይኗ እስኪቀላ ሠራች። በመጨረሻም የሒሳቡ ማሽን ያወጣላትን ቁጥር በካርታ ላይ አሰፈረችና ቀለበቱን አገኘችው።

ቀለበቱ ነበረ። ነገር ግን ከሦስቱ ማዕድናት ርቆ፣ በሞለኪውሎች መካከል ባለ ክፍተት ውስጥ ማንንም ሳይነካ፣ ማንም ሳይነካው ተጋድሞ ነበር። ክሪስታሉ ሲያድግ ከፈሳሹ ሾልኮ ገብቶ የቀረ እንግዳ ነው። ማዕድናቱ የያዙት ወደ ጋኑ ከመግባታቸው በፊትም ተጣብቆባቸው የነበረውን ጋዝ ብቻ ነው። ሚዛኑ አልዋሸም፤ እነሱ ናቸው ለማደሪያ የገባውን መንገደኛ ከቤቱ ልጆች ጋር የቆጠሩት።

ራፍካት ካርታውን ሲያይ ቀልዱ ጠፋው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ ሠራሁት።»

«ሌላ ክሪስታል ብትወስጂስ?»

«ካንድ ቱቦ የወጣ ሁሉ አንድ ነው። ይህን ለኔ ነው የምትነግረው?»

ራፍካት የሥራ ካፖርቱን አውልቆ ወንበር ላይ ወረወረና ተቀመጠ። «እና ለሽማግሌው ምን ልትዪ ነው?»

«ያየሁትን።»

«ግላሻ፣ ሰውየው እኮ እየሞቱ ነው። እውነቱ ምን ያደርግላቸዋል? ትራስ ይሆናቸዋል? በሦስቱ ላይ ነው በያቸው። እሳቸው ሲያርፉ እኛ ትክክለኛውን እናወጣለን። ማን ይጎዳል?»

«እሳቸው እንዲህ አላስተማሩኝም።»

«እሳቸው ያስተማሩሽ ለጤነኛ ነው። ለሚሞት ሰው ሌላ ትምህርት አለ። እስቲ አንዴ እንኳ ሰው ሁኚ!»

እሷም ካርታውን ጠቅልላ በቦርሳዋ ከተተችና ወደ መምህሯ ቤት ሄደች፤ ያየችውን ልትናገር ቆርጣ ነበር።

በሩን የከፈቱላት ሴራፊማ ዛካሮቭና ናቸው። ወደ በሽተኛው ክፍል አላስገቧትም፤ እጇን ይዘው ወደ ማድ ቤት ወሰዷትና በሩን ዘጉት። ድንችና ጎመን የሚቀቀልበት ማሰሮ በምድጃ ላይ ይንተከተካል። የእመቤታችን ሥዕል ከሳህን ቁም ሳጥኑ በር በስተጀርባ ነበር፤ ሰው ሲመጣ ይዘጋል፤ ያን ቀን ክፍት ትተውት ነበር።

«ፊትሽን አየሁት» አሉ። «አይደለም፤ አይደል?»

ግላፊራ ዓይኗን ወደ ማሰሮው መለሰች።

«ልጄ፣ እኔ ቀለበት ምን እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው ባለቤቴ ኬሻ በእንቅልፉ ጥርሱን እያፋጨ ያንን የሞስኮ ሳቅ እንደሚሰማ ነው። አንዲት ቃል ነው የምለምንሽ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን፤ እኔ እመልስበታለሁ።»

«እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉት? እርስዎ እኮ በጾም ወራት ወተት የነካውን ማንኪያ ለይተው የሚያስቀምጡ ሰው ነዎት።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ውሸት አልተናገርኩም፤ እንዲህ ሆኖ የሚሞትብኝ ሰው ስላልነበረ ነው» አሉና በዚያ በተወለወለ የማድ ቤት ወለል ላይ ሊንበረከኩ ሞከሩ። ግላፊራ ደንግጣ በብብታቸው ያዘቻቸው። ያኔ ነው ቁርጧ የላላው።

ኢኖኬንቲ ሳቪች ትራስ ተደግፈው ይጠብቁ ነበር።

«እህ፣ ግላሻ? የት ነው?»

«በሦስቱ ላይ ነው፣ ኢኖኬንቲ ሳቪች።»

ሽማግሌው አንድ እጃቸውን አንሥተው ሦስት ጣቶቻቸውን በአየር ላይ እንደ ጉልቻ አቆሙ፤ ሌላውን መዳፋቸውን በላዩ ከደኑና እንደዚያ እንዳለ ቆዩ። እህል አልቀምስ ብለው የሰነበቱት ሰው ያን ዕለት ሾርባ ጠጡ፤ ጢማቸውም እንዲላጭላቸው ጠየቁ። ሴራፊማ ዛካሮቭና ኮሪደር ላይ ወጥተው ግላፊራን ትከሻዋን ሳሟት። የምሕረት ልብስ ለብሶ የሚመጣ ሐሰት በመጀመሪያው ቀን ፊቱ እንደ መልአክ ያበራል፤ ይህን የቀመሰ ያውቀዋል።

በማግስቱ ግን ኢኖኬንቲ ሳቪች፣ «ሥዕሉን አምጪልኝ፤ የጎኖቹን ርዝመት በቁጥር ጽፈሽበት። በዓይኔ ልየው» አሉ።

ግላፊራ ይህን አላሰበችም ነበር። ቃል ተናግሮ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ ሐሰትን በእርሳስና በማስመሪያ መሥራት ሌላ ነገር ነው። ሆኖም የጀመረችውን መመለስ አልቻለችም። በሥዕል ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ሦስቱን ማዕድናት አስቀመጠች፤ በላያቸውም ቀለበቱን በተገቢው ከፍታ ሣለችው። ስድስቱን ጎኖች በመጽሐፍ እንደሚገኘው እኩል አደረገች፤ ቁጥራቸውንም ከነጥብ በኋላ እስከ ሦስተኛው ቤት ጻፈች። ራፍካት በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየና፣ «ቆንጆ ነው። እውነት ባይሆንም እንኳ እውነት መሆን ነበረበት» አለ።

ሽማግሌው ሥዕሉን የተቀበሉት በቀን ብርሃን ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው በረዶ ክፍሉን አብርቶት ነበር። አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት። ፈገግታቸው መጀመሪያ ሰፊ ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እንደ ውኃ ሰረገ። ጣታቸው በቀለበቱ ዙሪያ ከጎን ወደ ጎን ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገናም ሄደ።

«ግላሻ፣ ስድስቱም ጎን እኩል ነው።»

«አዎ።»

«ሦስት ሰዎች አንድ ጨርቅ በሦስት በኩል ይዘው ቢወጥሩት የተያዘውና ያልተያዘው ቦታ እኩል ይሆናል?»

እሷም የዚያን ጊዜ ገባት። ኢኖኬንቲ ሳቪች ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲያስተምሩ የኖሩት ይህንኑ ነበር፤ ቀለበቱ በሦስቱ ላይ ቢያርፍ እያንዳንዱ ማዕድን የያዘው ጎን አንድ ዓይነት፣ በመካከል ያለው ጎን ሌላ ዓይነት ይሆናል፤ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። ራሷ ተማሪ ሳለች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋው ታውቃለች። ከሽማግሌው ሞት ብዙ ዓመት በኋላ በሌላ አገር ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቀለበት በሦስት ማዕድናት ላይ በእርግጥ አግኝተውታል፤ ጎኖቹም እሳቸው እንዳሉት ሆነው ተገኝተዋል። እሷ ግን ለመምህሯ ደስታ ስትል የሣለችው ማንም ያልነካውን ቀለበት ነበር።

ማምለጫ ቃል አላጣችም፤ ፊልሙ ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት አያሳይም ማለት ትችል ነበር። ነገር ግን ቁጥሩን እስከ ሦስተኛው ቤት የጻፈችው እጇ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይመሰክራል።

«ማን ነው የሣለው?» አሉ ኢኖኬንቲ ሳቪች። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«እኔ።»

«ቀለበቱስ የት ነው?»

«እንግዳ ነው። በክፍተቱ ውስጥ ነው ያለው። ምንም አልነካም።»

ሽማግሌው ሥዕሉን በብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡት። ዳግመኛ ሲናገሩ ድምፃቸው ከመስማት ወሰን ሊወርድ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

«ግላፊራ ዲሚትሪየቭና፣ ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ።»

ከተማሪነቷ ጀምሮ አንቺ ሲሏት የኖሩ ሰው እርስዎ አሏት። ከጥፊ ይልቅ አቃጠላት። ከቦርሳዋ እውነተኛውን ካርታ አወጣችና ዘረጋችላቸው። «ይኸው ትክክለኛው። እባክዎን ይመልከቱት። ሁሉም ቁጥር አለ።»

አልተቀበሏትም።

«ይህን በምን ልመነው? ትናንት እንድደሰት ብሎ የሣለልኝ እጅ ዛሬም ለጸጸቱ ብሎ ቢስልልኝ በምን ዐውቃለሁ? የትኛው ነው ሐሰቱ? እኔ ከዚህ አልጋ ላይ ሆኜ መለየት አልችልም። ዕውቀት ለምኜዎት አለማወቅን ነው ያመጡልኝ።»

በዚህ ጊዜ ከበሩ ላይ ቆመው ይሰሙ የነበሩት ሴራፊማ ዛካሮቭና ጮኹ። «ኬሻ፣ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የለመንኳት! እሷ እምቢ ብላኝ ነበር!»

ኢኖኬንቲ ሳቪች ወደ ባለቤታቸው ሲያዩ ፊታቸው ጥቂት ለሰለሰ። «ሲማ፣ አንቺ ሚስቴ ነሽ፤ ልትራሪልኝ ይገባሻል። እሷ ግን ዓይኔ ነበረች።»

ከዚያች ቀን በኋላ ግላፊራ ወደዚያ ክፍል አልገባችም። ሽማግሌው ራፍካትን ጠርተው ፊልሞቹን ራሳቸውን እንዲያመጣላቸው አዘዙ። «ፊልም አይራራም» አሉት። «አንተም ምንም አትንገረኝ። አንሥተህ ስጠኝ፤ መልሰህ አስቀምጥ። ሌላ ሥራ የለህም።» የሒሳብ ማሽን ባልነበረበት ዘመን የሙያው ሰዎች ለስሌት ይገለገሉባቸው የነበሩትን፣ ቁጥር የታተመባቸውን የወረቀት ቁራጮች ከነሣጥናቸው ከቁም ሳጥን ላይ አስወረዱ። የእያንዳንዱን ነጠብጣብ ጥቁረት በዓይናቸው ገምተው፣ ቁራጮቹን በብርድ ልብሱ ላይ እየደረደሩ፣ ጮክ ብለው እየደመሩ ከመጀመሪያው ጀመሩት። ትኩሳት ሲይዛቸው ይተዋሉ፤ ሲለቃቸው ይቀጥላሉ።

ግላፊራ ከሥራ በኋላ እየመጣች በኮሪደሩ ባለው የልብስ ሣጥን ላይ ትቀመጣለች። ሴራፊማ ዛካሮቭና ሻይ ያመጡላታል፤ ይበርዳል፤ መልሰው ይወስዱታል። በሩ ገርበብ ብሎ ስለሚተው የሽማግሌው ቁጥር ይሰማል። እሷ እያንዳንዱን ቁጥር አስቀድማ ታውቀዋለች፤ እሳቸው ከመናገራቸው በፊት ከንፈሯ ያንቀሳቅሰዋል። ለደቀ መዝሙር ከዚህ የሚበልጥ ጸሎት የለም፤ ከዚህም የሚበልጥ ቅጣት የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን ሽማግሌው አንዱን ነጠብጣብ ከሌላው ጋር አምታቱት። ትኩሳቱ ነበር። የተሳሳተውን ቁጥር ደምረው ወደሚቀጥለው አለፉ። ግላፊራ ከሣጥኑ ላይ ብድግ አለች፤ እጇ የበሩን መያዣ ያዘ፤ ነገር ግን አልከፈተችውም። ራፍካት ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ በማድ ቤት አገኘችው።

«ተሳስተዋል። ሁለቱን ቦታ አቀያይረዋቸዋል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የተበላሸ ነው።»

«ሰማሁ» አለ ራፍካት። ፊቱ አፉ የማያርፍ ሰው ፊት አልነበረም።

«ንገራቸዋ!»

«ብነግራቸው ከማን እንደሰማሁት ያውቃሉ። ያኔ ፊልሙንም ቁራጩንም ይጥሉታል። አሁን ቢያንስ በገዛ እጃቸው እየሠሩ ነው።»

«በገዛ እጃቸው ወደ ገደል እየሄዱ ነው።»

«ግላሻ፣ ገደሉ ጋ ለመድረስ የሚበቃ ዕድሜ ያላቸው ይመስልሻል?»

እውነቱን ነበር። ጥቂት ቀናት አለፉ። ኢኖኬንቲ ሳቪች ሦስቱን ማዕድናት በደህና አገኟቸው፤ እነሱ ድምፃቸው ከባድ ነውና። ከስድስቱ ካርቦኖች ግን የመጀመሪያውን ብቻ ማግኘት ቻሉ። ስሕተቱ በውስጡ ስለ ነበረ ያ ካርቦን ከእውነተኛው ስፍራው ተገፍቶ፣ ከማዕድናቱ ቅርብም ሩቅም ባልሆነ ቦታ ላይ ወጣ። ራፍካት በኋላ እንደ ተናገረው ሽማግሌው ቁጥሩን ደጋግመው አዩና፣ «ይህ ምንድን ነው? መጥቷል አልልም፣ አልመጣም አልልም። ሁለተኛውን እንፈልግ» አሉ። ሁለተኛውን ሲፈልጉ አጉሊ መነጽሩ ከእጃቸው ወደቀ። ራፍካት አንሥቶ ሊሰጣቸው ሲል የሚቀበለው እጅ አልነበረም።

ኢንስቲትዩቱ በቀይ ጨርቅና በሙዚቃ ቀበራቸው። ሴራፊማ ዛካሮቭና ደግሞ በከተማዋ ሳይዘጋ በቀረው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አስደረጉላቸው። በአርባው ቀን በማር የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ ቀቀሉ። ግላፊራን ለመግባት ፈርታ ደጅ ላይ ቆማ አገኟት፤ ይዘዋት ገቡና በራሷ ማንኪያ ሰጧት።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሏት። «ዕዳውን ግን አንቺ ትሸከሚዋለሽ። ይቅር በዪኝ እንዳልልሽ፣ ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ ደግሜ እለምንሽ ነበር። ስለዚህ ብዪ፤ ዝም ብለሽ ብዪ።»

ግላፊራ በላች። ንፍሮው አልዋጥ እያላትም ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ የኢንስቲትዩቱ ኃላፊ የሥራውን ፍጻሜ ጠየቀ። ግላፊራ እውነተኛውን ካርታ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ቀለበቱ እንግዳ መሆኑን፣ የሚዛኑም ዘንበል ማለት ከዚህ የመጣ መሆኑን በግልጽ ቋንቋ አስረዳች። ኃላፊው ወደ ራፍካት ዞሮ፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለው። ራፍካት ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ።

«ፊልሞቹን ወደ ሌኒንግራድ እንላካቸው» አለ። «ሌላ ሰው ይለካው።»

ከወጡ በኋላ ግላፊራ በደረጃው ላይ አስቆመችው። «ራፍካት፣ አንተ? ዋሺ ብለህ የመከርከኝ አንተ?»

«አትቀየሚኝ፣ ግላሻ።»

«የዋሸሁት አንዴ ነው። ያውም ለምን እንደዋሸሁ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ስትስዪው አጠገብሽ ቆሜ ነበር። እጅሽ አልተንቀጠቀጠም።» ባርኔጣውን በእጁ አሻሸ። «ከሁሉም ሰው ይልቅ እንደምትችዪ የማውቀው እኔ ነኝ። እንዴት አድርጌ ልርሳው?»

ከሌኒንግራድ መልሱ የመጣው ወንዙ ከበረዶው ከተፈታ በኋላ ነው። በዚያ ያሉት ሰዎች ማንንም የማያውቁ፣ ለማንም የማይራሩ ነበሩ፤ ያገኙት ግን እሷ ያገኘችውን ነው፤ ቀለበቱ ነጻ ነው፣ ማዕድናቱን አይነካም። ራፍካት ወረቀቱን አምጥቶ በጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት። ግላፊራ አነበበችውና መልሳ ሰጠችው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከክፍሏ የሚወጣ ካርታ ሁሉ ወደ ሌላ ሰው እጅ ተልኮ እየተለካ ይመለስ ነበር፤ ማንም አላዘዘም፣ ማንም አልተቃወመም፤ እንዲሁ ልማድ ሆነ። እሷም እስከ ጡረታዋ ድረስ ሠራች፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም። ይህም አልጠቀማትም።

አንባቢዬ ሆይ፣ የዘመናት ጌታ ቤትህን ይጠብቅ። በጣራህ ሥር የሚነገረው ቃል ምስክር ሳይጠራበት የሚታመን ይሁን፤ ታማሚህን የሚጠይቀው ሰው ፍቅርን ከእውነት ሳይነጥል ይግባ፤ ትዳርህ ይጽና፣ ልጆችህ ይደጉ፣ የገበታህ እንጀራ አይጉደል፣ የቤትህም ሰላም ለልጅ ልጅ ይሁን። አሜን።